«ይጣፍጣል» ብቻውን አይበቃም

እስቲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ የተጠራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ታዘቡልኝ። አስተናጋጁ ወይን ጠጅ ይዞ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ አብዛኛው ሰው «ጣፋጩን አድርግልኝ» ይላል። «ድራዩን» ያለውም ቢሆን ጥቂት ቆይቶ ኮካ ወይም ስፕራይት ይጨምርበትና ያው ጣፋጭ ያደርገዋል። «ወይኑ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ይጣፍጣል»፣ ወይ «ይኮመጥጣል»። ከዚያ ወዲያ ወሬው ወደ ሙሽሮቹ ይዞራል።

እኔ የምለው ይህ የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቋንቋም ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ጉዳይ ነው። በአማርኛ «ጣፋጭ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። ስኳር ያለበትን ነገር ጣፋጭ እንላለን፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራውንም ጣፋጭ እንላለን። እናቴ የሠራችው ሽሮ ይጣፍጣል፤ ከረሜላም ይጣፍጣል። ሽሮና ከረሜላን ማንም አያምታታቸውም፤ ወይን ጠጅ ላይ ስንደርስ ግን ሁለቱ ትርጉሞች ይደበላለቁና ስኳር የሌለበት ወይን በሙሉ «የማይጣፍጥ»፣ ማለትም መጥፎ ወይን ሆኖ ቁጭ ይላል። «ድራይ» የሚለውንም «ደረቅ» ብለን ቃል በቃል ተርጉመነዋል። ፈሳሽ እንዴት ይደርቃል? ነገሩ እኮ ቀላል ነው። በወይኑ ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር እርሾው በልቶ ወደ አልኮል ሲለውጠውና የሚቀር ስኳር ሲጠፋ ወይኑ «ድራይ» ይባላል፤ በቃ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚነግረን ስላጣን ነው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ወይን በኮካ የሚያርመው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ወይን ጠጅ በሀገራችን ይመረታል፣ ይሸጣል፣ ይጠጣል። ጣዕሙን በአማርኛ፣ ከራሳችን ምግብ ጋር እያስተያየ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህ ክፍተት ለማስታወቂያ ሠራተኞች ተትቷል፤ እነሱ ደግሞ ያላቸው ቃል «ልዩ ጣዕም» የሚል ብቻ ነው። ቦታው የኛ መሆን ነበረበት ባይ ነኝ።

«በድሬዳዋ ደግሞ ምን የወይን ወሬ አለ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተማችን አልኮል በአፋቸው የማያዞሩ ብዙ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በክፍላችንም በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይጠጡ ጓደኞች አሉን። ጽሑፉ እነሱንም ይመለከታል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ለነገሩ ግን ወይን ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር፣ ፈረንሳዩም ግሪኩም አርመኑም ተከትሎ መጥቶ ከዚራ ላይ ቤት ሠርቷል፣ ንግድ ከፍቷል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የዘለቀው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ወይንን ከምሳ ጋር የሚቆጥሩ ሰዎች አዲስ አበባ የባቡር ፉጨት ሳትሰማ በፊት ድሬ ላይ ምሳ ይበሉ ነበር ማለት ነው። «ለገሃር» የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው።

አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ መጠበቅ አያስፈልግም። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጉደር፣ አክሱማይት፣ አዋሽ ክሪስታል የሚባሉትን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት ወደ ግል ዞሯል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) አጠገብ እርሻ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን ወይኖች ለገበያ አቅርቧል።

ታዲያ ስለነዚህ ወይኖች ምን አነበብን? ስለ ባቱው እርሻ የተጻፉ ዜናዎችን ፈልጌ አንብቤያለሁ። እርሻው 120 ሄክታር እንደሆነ፣ 750 ሺህ ገደማ የወይን ግንድ ከቦርዶ መጥቶ እንደተተከለ፣ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበትም ዙሪያው ቦይ እንደተቆፈረለት ነግረውኛል። የጉማሬው ነገር በጣም ደስ ይላል፤ እኔም ብሆን አልተወውም ነበር። ግን ወይኑ ምን ይላል? ምን ይሸታል? ከዶሮ ወጥ ጋር ይሆናል ወይስ አይሆንም? አንዱም ዘጋቢ አልቀመሰም፤ ቀምሶም ከሆነ አልነገረንም። ሄክታርና ሚሊዮን ብር ቆጥሮ መመለስ የኢኮኖሚ ዜና ነው፤ የኢኮኖሚ ዜና ደግሞ ጠርሙስ ይዞ ሱቅ ውስጥ ለቆመ ሰው ምንም አይጠቅመውም።

እዚህ ላይ ሕጉ ይነሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። እኔ አዋጁን እደግፋለሁ። ልጆች እራት ሲበሉ በቴሌቪዥን የሚዘፈነው ሁሉ የቢራ ዘፈን የነበረበት ጊዜ ትዝ ይለናል። ነገር ግን ክፍል ውስጥ የፊቸር ርዕስ ስንመርጥ በተነሳው ክርክር አንዳንድ ጓደኞቼ «ስለ መጠጥ መጻፍ ያው ማስተዋወቅ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን አልቀበልም። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ መለኪያ ብቻ ይበቃል። ማስታወቂያ «ይህ ወይን ከሽሮ ጋር አይሄድም» ብሎ ያውቃል? አያውቅም። «ከገዛኸው በኮካ አታበላሸው፤ ካልጣመህ ደግሞ አትግዛው» ብሎስ ያውቃል? ጽሑፍ ግን ይህን ማለት ይችላል፤ ማለትም አለበት። እንዲያውም ማስታወቂያው ሲከለከል ለጠጪው የሚቀረው የጠርሙሱ ወረቀትና የጓደኛው ምክር ብቻ ስለሆነ ሐቀኛ ጽሑፍ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጋዜጠኛ በቅምሻ ቦታ መገኘቱ ምን ዋጋ አለው ለሚል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ግንቦት ወር፣ እ.ኤ.አ. 1976፣ ፓሪስ። ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይኖች ስማቸውን ሸፍኖ ለታወቁ ፈረንሳውያን ቀማሾች አቀረበ። የፈረንሳዩ እንደሚያሸንፍ ማንም ስላልተጠራጠረ ጋዜጠኞቹ ጥሪው ደርሷቸው ቀሩ። የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የታይም መጽሔት ዘጋቢ ጆርጅ ቴበር። ውጤቱ ሲቆጠር በነጭም በቀይም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ወይን ሆነ! ቴበር ባይገኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ተዳፍኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። እሱ በጻፋት አጭር ዜና ግን የዓለም የወይን ገበያ ተናወጠ። ልብ አድርጉ፤ እንዲህ ሊሆን የቻለው ወይኖቹ ስማቸው ተሸፍኖ ስለተቀመሱ ነው።

እኛም ሸፍነን ቀመስን። አምስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን (ከመሐላችን ከ21 ዓመት በታች የሆነ የለም) ሳቢያን አካባቢ ባለ የአንድ ልጅ ቤተሰብ ቤት ተሰበሰብን። የማትጠጣ ጓደኛችን ጠርሙሶቹን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ቁጥር ጻፈችባቸው፤ ምን እንዳልንም መዘገበች። ወይኖቹ ጉደር፣ አክሱማይት፣ አዋሽ ክሪስታል፣ ሪፍት ቫሊ ሲራ እና ሚዲየም ስዊት የሚባለው ቀይ አካሺያ ነበሩ። ከመሐላችን አንድም ሰው የሠለጠነ ቀማሽ አይደለም፤ የምነግራችሁ የአምስት ተማሪዎች ምላስ ያለውን ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ሙቀት። መጻሕፍቱ «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ» ይላሉ። የማን ክፍል? ደንቡ የወጣው ብርዳም በሆነው የአውሮፓ ቤት ነው፤ ክፍሉ 16 ወይም 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። በግንቦትና በሰኔ ቴርሞሜትሩ 35ን በሚያልፍበት በድሬዳዋ «የክፍል ሙቀት» ማለት ሾርባ ማለት ነው! ሞቅ ያለ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫ ላይ የሚወጣው። እኛ መጀመሪያ ሲራውን እንዳለ ቀመስነው፤ ቀጥሎ ሠላሳ ደቂቃ ፍሪጅ አስገብተን ቀመስነው። የዘገበችው ልጅ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው «አረቄ አረቄ ይላል» ሲል ሁለተኛው «አጋም» ይላል። ወይኑ አንድ ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ ያለ ሰው ቀዩንም ለግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዘው፤ ማንም አዋቂ ነኝ ባይ ቢስቅበት ግድ የለም። ሲገዛም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጌጥ የተደረደረውን ጠርሙስ ይተወው። እኛ እንዲህ ካለ አንድ ሱቅ ቀደም ሲል የገዛነው ወይን የተቀቀለ ፍሬ ሆኖ ነው ያገኘነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የፋብሪካው ሳይሆን የመስኮቱ ነበር።

ወደ ገደለው እንግባ። አክሱማይትን ሁላችንም ገና በሽታው ለየነው። የዘቢብና የቴምር ሽታ አለው፤ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ለብቻው ሁለት ብርጭቆ መጠጣት ይከብዳል፤ ለምን እንደሚወደድ ግን ግልጽ ነው። ጉደር ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ሆኖ አገኘነው፤ ሲሸት አጋም፣ ሲጠጣ ሮማን፤ ከተዋጠ በኋላ ቶሎ ይጠፋል። አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ምግብ ይፈልጋል» አለ፤ ከዚያ ምሽት አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛው ይኸው ይመስለኛል። ክሪስታል በረዶ ቤት ገብቶ ሲወጣ የሎሚ ልጣጭና ያልበሰለ ዘይቱን ይላል። አካሺያው እንጆሪ ማርማላታ ነው፤ ለስላሳ፣ ማንንም የማያስቀይም፣ ትንሽም ደብዛዛ። ሲራው ከሁሉም ወፈር ያለ ነው፤ ቁንዶ በርበሬና አጋም ይሸታል፤ ምላስንም ይይዛል። ይህ «ምላስ የሚይዝ» ነገር ታኒን የሚባለው ሲሆን ከወይኑ ቆዳና ፍሬ ይመጣል። ታኒንን ለማወቅ ወይን መቅመስም አያስፈልግም። ቅጠሉ የበዛበት፣ ብዙ የፈላ ሻይ ሲጠጣ ድድና ምላስ ላይ የሚሰማው ድርቀት እሱ ነው።

የሻዩ ምሳሌ ወደ ምግቡ ይወስደናል፤ እኔን በጣም የሳበኝም ይኸኛው ክፍል ነው። ሻይ በወተት ስንጠጣ ያ ድርቀት የት ይሄዳል? የወተቱ ፕሮቲን ታኒኑን ስለሚይዘው ይለሰልሳል። ቀይ ወይንና ሥጋ አብረው የሚሄዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለብ ለብ ያለ ክትፎ በቅቤ እየተበላ ሲራው ሲጠጣ ምላስ የሚይዘው ነገር በአንዴ ለዝቦ ፍሬው ወጣ። ጮማ ያለበት የፍየል ጥብስም እንዲሁ፤ በተለይ ጠርዙ ላይ ጠቆር ብሎ የተጠበሰው። ሚጥሚጣው ሲበዛ ግን ነገር ተበላሸ። ሚጥሚጣና በርበሬ የሚያቃጥለውን ቃጠሎ አልኮል ያብሰዋል፤ ስኳርና ቅዝቃዜ ደግሞ ያበርደዋል።

በዚህ ሕግ ዶሮ ወጥን አስቡት። ፈረንጁ መጽሐፍ «ዶሮ ከነጭ ወይን ጋር» ይላል። የሱ ዶሮ እኮ ቅቤና ጨው የነካው ነጭ ሥጋ ነው! የኛ ዶሮ ወጥ በሽንኩርት፣ በበርበሬና በቅመም ለሰዓታት የተብላላ ነገር ነው፤ ዶሮው ራሱ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ቁሌቱ ነው። እኛ ክሪስታሉን ሞክረንበት ወይኑ ውሃ ሆኖ ቀረ። ሲራው በርበሬውን እሳት አደረገው። የሆነልን አካሺያው ነው፤ ያን ያልኳችሁን ደብዛዛነቱን ወጡ አነቃለት፤ ስኳሩ ደግሞ ቃጠሎውን ያዘው። አክሱማይትም ይሆናል፤ ቀዝቀዝ ካለ።

እዚህ ላይ አያቶቻችን ምን እንዳደረጉ ማየት ነው። ዶሮ ወጥ ከምን ጋር ይቀርብ ነበር? ከጠጅ ጋር። ጠጅ ማር አለው፣ ቃጠሎውን ያበርዳል፤ ጌሾ አለው፣ መረር ብሎ የቅቤውን ቅባት ይቆርጣል። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገበታ የተገኘ ዕውቀት ነው። በዚያ ላይ የማይጠጣውም ሰው አልተረሳም፤ ያልተብላላው ብርዝ ነበረለት። የማሩ ሥራ እዚያም ያው ነው። ቀደም ብዬ ጽሑፉ የማይጠጡትንም ይመለከታል ያልኩት ለዚህ ነው። ምግብን ከመጠጥ ማስማማት የአልኮል ጉዳይ አይደለም። መጋላ ውስጥ ትኩስ ፈጢራ በእንቁላልና በማር በልቶ በላዩ ቅመም ያለው ሻይ የሚጠጣ ሰው ይህንኑ እያደረገ ነው። ሳምቡሳ ላይ ሎሚ የሚጨምቀውም ልጅ እንደዚሁ፤ ኮምጣጣው ቅባቱን ይቆርጥለታል። በነገራችን ላይ እነዚህ ቤቶች አልኮል የማይገባባቸው ቤቶች ናቸው፤ ጠርሙስ በቦርሳ ይዞ ሄዶ «ላጣምር» ማለት ነውር ነው። እኛ ሳምቡሳውን ገዝተን ወደ ቤት ነው የወሰድነው። ከክሪስታል ጋር በጣም ተስማማ፤ ከገበታው ሁሉ ያልጠበቅኩት ይኼ ነበር።

አንድ ነገር ግን የትኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ አይነግረንም፤ እንጀራ። የነሱ ገበታ ላይ ያለው ዳቦ ዝምተኛ ነው፤ ወይንና ምግብ ሲነጋገሩ ጣልቃ አይገባም። የኛ እንጀራ ግን ራሱ ይናገራል፤ የተብላላ ነው፣ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ የወይኑን ኮምጣጣነት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሲጀመር ኮምጠጥ ያላለ ወይን ከእንጀራ ጋር ልል ይሆናል፤ ጉልበት ያጣል። ለብቻው ሲጠጣ «ይኮመጥጣል» ተብሎ የሚናቀው ጉደር ሽሮና እንጀራ ሲቀርብለት ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ለብቻው ሲጠጣ ያሸነፈው አካሺያ በሽሮው ተሸነፈ። የጾም ሽሮ ነበር፤ ቅቤ አልነበረውም። ሰው ወይኑን ሠርግ ላይ ከምግቡ በፊት ቀምሶ ከሚፈርድበት እንጀራው እስኪመጣ ቢታገሠው እላለሁ። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ከአምስታችን ሁለቱ አልተስማሙም፤ አንደኛው እንዲያውም «ከሽሮ ጋር አምቦ ውሃ» ብሎ ደምድሟል። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ዓሣን ባጭሩ ልለፈው፤ ድሬ ላይ ዋና ገበታችን አይደለም። ቀይ ወይን ከዓሣ ጋር አፍ ውስጥ መጥፎ የዓሣ ጣዕም ይተዋል የሚባለው ግን ወግ ብቻ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ምክንያቱ በወይኑ ውስጥ ያለ ብረት ነው። ባቱ ሄዶ የሐይቁን ቆሮሶ የሚበላ ሰው እዚያው የበቀለውን ሻርዶኔ ቢያዝ ሳይንሱም ከጎኑ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። ከላይ ስጽፍ አጋም፣ ሮማን፣ ዘይቱን፣ ቴምር እያልኩ መሄዴን አስተውላችኋል። የወይን መጻሕፍቱ የሚሉት «ብላክከረንት» እና «ጉዝቤሪ» ነው። ከመሐላችን ብላክከረንት የበላ አለ? እኔ አልበላሁም። ያልበላሁትን ፍሬ ስም ጠርቼ «ይህን ይሸታል» ብል ውሸት ነው፤ ለጋዜጠኛ ደግሞ ያላየውን እንዳየ መጻፍ ማለት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አን ኖብል የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የወይን ሽታዎችን በክብ ሰንጠረዥ ሲያዘጋጁ ሐሳቡ ማንም ሰው ገበያ ሄዶ ሊያገኘውና ሊያሸተው የሚችለውን ስም መጠቀም ነበር። የኛ ገበያ ቀፊራ ነው። እዚያ ጊሽጣ አለ፣ ዘይቱን አለ፣ ማንጎ፣ ቴምር፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዕጣን አለ። አማርኛ ራሱም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። «ኮምጣጣ» እና «ኮምጠጥ ያለ»፣ «መራራ» እና «መረር ያለ» አንድ አይደሉም፤ መጠኑን በቃሉ ቅርጽ ብቻ መለየት እንችላለን። ይህን የመሰለ መሣሪያ ይዘን «ልዩ ጣዕም» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው።

ቃሉ ግን ዓይንን እንዳይከተል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ጠጅ ትምህርት ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው የገለጹት ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር። በቦርዶ፣ በወይኑ አገር! ጋዜጣ መጠቅለል የቀለሙን ነገር አያድንም፤ የዋጋውንና የስሙን ተጽዕኖ ግን ያስቀራል። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን ጠርሙሱ እስኪገለጥ ድረስ ርካሹን ውድ ነው ያልነው።

«ይህ ሁሉ ከፈረንጅ የተቀዳ ነገር ነው» ለሚለኝ ሰው ድሬዳዋን አሳየዋለሁ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከመቋቋሙ በፊት የሀገሪቱ የቡና ጨረታ ይካሄድ የነበረው በአዲስ አበባና በዚህችው ከተማ ነው። ጨረታ ካለ ደግሞ ቅምሻ አለ። ቡና ቀማሾች ድሬዳዋ ላይ ለአሥርት ዓመታት ቡናውን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በማንኪያ ስብ አድርገው፣ ተፍተው ጣዕሙን በወረቀት ላይ በደረጃ ሲጽፉ ኖረዋል። ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቀውን የሐረር ቡና የውጭ ገዢዎች ሲያመሰግኑት ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? «ወይን ወይን ይላል»! እንግዲህ ወይን እንዴት ይቀመሳል ብሎ ለመማር ፓሪስ መሄድ አያሻም፤ ሙያው ከተማችን ውስጥ ነው ያለው። ችግሩ የቀማሾቹ ወረቀት ለነጋዴና ለመንግሥት እንጂ ለአንባቢ ተጽፎ አያውቅም።

ስለዚህ ለቡለቲኑ አዘጋጆች ያቀረብኩት ሐሳብ አለ። በየእትሙ ግማሽ ገጽ ለቅምሻ ይሰጠን። ደንቡ ጥቂት ነው፤ የምንቀምሰውን በገንዘባችን እንገዛለን፤ ከአምራችም ከሆቴልም በነፃ የመጣ ነገር አይቀመስም፤ ስሙ ተሸፍኖ ይቀመሳል፤ ከምን ምግብ ጋር እንደማይሄድም ይጻፋል። «ልዩ ጣዕም» የሚል ጽሑፍ ለጸሐፊው ይመለስለታል። የመጀመሪያው ተራ የወይን ባይሆን ግድ የለኝም። እንዲያውም ሁሉም የክፍሉ ልጅ እንዲቀምስ በሐረር ቡና እንጀምር፤ ቀጥሎ ብርዝ፣ ከዚያ ወይኑ ይምጣ። ቡናውን የሚያመጣው ሰው ግን ቆልቶ ይምጣ፤ ዶርም ውስጥ ከሰል ማንደድ አይፈቀድም።